ደወሉ ባቡሩን የሚጠብቅበት አገር

የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁም አታውቁትም፤ የምታውቁት ከመሰላችሁ ደግሞ እኔ አላልኩም። ይህን ብቻ ያዙልኝ፦ በዚያ አገር ሁለት ከተሞች ነበሩ። አንዱ ግርጌ ይባላል፣ ሌላው ራስጌ። ግርጌ ሠራተኛው የሚያድርበት ነው፤ ራስጌ ሠራተኛው የሚውልበት። ቤተ መንግሥቱ፣ ሸንጎው፣ ትልቁ ገበያና ትልቁ ደወል ያሉት ራስጌ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ጋራ አለ፤ ጋራውን ወጥቶ የሚወርድ አንድ የባቡር ሐዲድ አለ። እኔ በዚያን ጊዜ ድንጋይ ጠራቢ ነበርኩ፤ በየቀኑ በዚያ ባቡር እሄድ ነበር። የምነግራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ካዩት ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ።

ባቡሩ ጠዋት ከግርጌ ተነሥቶ ጋራውን ይወጣና በወዲያኛው በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ የባሕር ዛፍ ደን አለ። ደኑን ዞር እንዳለ የገበያው መንገድ ሐዲዱን ያቋርጣል፤ ከዚያ አለፍ ብሎ ጣቢያው ነው። በመሻገሪያው ላይ ወደ ላይ የሚነሣና ወደ ታች የሚወርድ ረጅም አግዳሚ እንጨት ነበር። አግዳሚው ሲወርድ ሰው ይቆማል፣ ሲነሣ ይሻገራል።

ድሮ፣ በንጉሡ አያት ዘመን፣ ሥርዓቱ ቀላል ነበር አሉ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ትልቁ ደወል ይደወላል። የመሻገሪያው ጠባቂ ደወሉን ሰምቶ አግዳሚውን ያወርዳል፣ ባቡሩ ያልፋል፣ አግዳሚው ይነሣል። በኋላ ግን ባቡሩ አረጀ። አንድ ቀን ሩብ ሰዓት፣ አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ይዘገይ ጀመር። የንጉሡ አያት ይህን ሲሰሙ ተቆጡና «በእኔ መንግሥት ባቡር አይዘገይም!» ብለው አዋጅ አስነገሩ።

ሹማምንቱ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጠው መከሩ። ባቡሩን ለማፍጠን አልቻሉም፤ ለመጠገን ደግሞ ተበላሽቷል ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚናገር አልተገኘም። በአራተኛው ቀን ከመካከላቸው አንዱ መላ መታ። ባቡሩ ጣቢያ ሳይገባ ሁለት ሰዓት አይሁን አለ። ደወሉ ባቡሩን ይጠብቅ፤ ባቡሩ ሲገባ ይደወል፤ ያን ጊዜ ሁለት ሰዓት ሆነ ይባል። የቀሩት ሰዓታት ከዚያ ወዲያ በአሸዋ እየተለኩ ይደወሉ። የንጉሡ አያት ደስ አላቸው። ሰውየው ሊቀ ሰዓት ተብሎ ተሾመ፣ ሹመቱም ለልጅ ልጁ እንዲተላለፍ ተፈቀደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ አገር ባቡር ዘግይቶ አያውቅም።

አግዳሚውን ግን ማንም አላስታወሰውም። የጠባቂው ሕግ እንደ ድሮው «ደወሉን ስትሰማ አውርድ» እንዳለ ቀረ። ደወሉ የሚደወለው ባቡሩ ጣቢያ ከገባ በኋላ ነው፤ ጣቢያው ያለው ከመሻገሪያው ወዲያ ነው። ስለዚህ አግዳሚው የሚወርደው ባቡሩ ካለፈ በኋላ ሆነ። ቁልቁለቱን ሲወርድ ባቡሩ በራሱ ክብደት ስለሚንሸራተት ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ደኑ ይከልለዋል፤ ፊሽካ እንዳይነፋ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነው ተብሎ ተከልክሏል። በየዓመቱ አንድም ሁለትም ሰው ይሞታል። የሞተው ሰው በመዝገብ ላይ «ሰዓቱ ሳይደርስ የተሻገረ» ተብሎ ይጻፋል። ውሸት ነው አይባልም፤ ደወሉ በእርግጥ አልተደወለም ነበር።

በእኔ ጊዜ የመሻገሪያው ጠባቂ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጠባቂ ነበር፤ እሱ ሲሞት ቦታውን እሷ ያዘች። ሃምሳ ዓመት ይሆናት ነበር፤ ጥርት ያለች፣ ቃሏን የምታከብር፣ ሕግ ነው ከተባለች በጥፍሯ የምትቆም ሴት። ዘጠኝ ዓመት ደወሉን ሰምታ አወረደች፣ ጥቂት ቆይታ አነሣች። ከደወል በፊት አግዳሚውን መንካት ወንጀል መሆኑን ታውቃለች፤ አልነካችም።

በኅዳር ወር ጉም በወረደበት ጠዋት ላቀች የምትባል ወጣት ሸክላ ሠሪ ሦስት እንስራ በጀርባዋ አዝላ ወደ ገበያ ስትሄድ ከመሻገሪያው ደረሰች። ጉሙ ከአሥር እርምጃ ወዲያ አያሳይም።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ምንም አይታየኝም። ልለፍ ወይስ ልቆይ?» አለቻት።

ደብሪቱ አግዳሚውን አየች፤ እንደተነሣ ነው። ጆሮዋን ወደ ራስጌ ሰጠች፤ ደወል የለም።

«ደወሉ አልተደወለም። እለፊ» አለቻት።

እኔ በሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ ነበርኩ። ባቡሩ ሲንገጫገጭ፣ ሰው በሰው ላይ ሲወድቅ፣ ሸክላ ሲሰበር ሰማሁ። ነጂው ጫኔ ፍሬኑን በሁለት እጁ ተንጠልጥሎበት ነበር፤ ፍሬኑ ግን ከተበላ ዓመታት ሆነውት ነበርና ባቡሩ ጣቢያው ድረስ እየተንሸራተተ ገባ። ባቡሩ ስለገባ ደወሉ ተደወለ። ደወሉ ስለተደወለ ደብሪቱ አግዳሚውን አወረደች። በኋላ ስታወራ «እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው ያወረደው። እኔስ መንገዱ ላይ ነበርኩ፣ ላቀች ጋ» ትል ነበር። ከሦስቱ እንስራ አንዱ ሳይሰበር ከሐዲዱ ዳር ተገኘ። በመዝገቡ ላይ «ላቀች፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሰዓቷ ሳይደርስ የተሻገረች» ተብሎ ተጻፈ።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ደብሪቱ ወደ ጣቢያው ሄደች። በጣቢያው የአቤቱታ መስኮት ነበር። በዚያ አገር ማንም ሰው አቤት ማለት ይችላል፤ ብቻ አቤቱታው በሦስት ምስጋና መጀመር አለበት።

«አቤቱታ አለኝ» አለች።

«በምስጋና ይጀምሩ፣ እሜቴ» አላት ጸሐፊው። ጨዋ ሰው ነበር።

«ሰው ሞቶብኝ ምኑን ላመስግን?»

«ስለ ባቡሩ፣ ስለ ደወሉ፣ ስለ ሊቀ ሰዓት። ካልተመሰገነ መጻፍ አልችልም።»

ደብሪቱ ጥርሷን ነክሳ ሦስቱንም አመሰገነች። ጸሐፊው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈላት።

«አሁን እንግዲህ፣ አግዳሚው ሳይወርድ ባቡሩ ስለሚያልፍ ሰው እየሞተ ነው ብለህ ጻፍ።»

«ወረቀቱ ሞላ።»

አየችው። ወረቀቱ ሦስት መስመር ብቻ ነበረው።

«ሌላ ወረቀት ጨምርበታ!»

«በሌላ ወረቀት ከሆነ ሌላ አቤቱታ ነው፣ እሜቴ። ሌላ አቤቱታ ደግሞ በምስጋና ይጀመራል።»

ደብሪቱ እልኸኛ ነበረች። ሰባት ወረቀት አስሞላች፤ ሃያ አንድ ጊዜ አመሰገነች። ስምንተኛው ላይ ድምፅዋ ተዘጋና ወደ ቤቷ ተመለሰች። በወሩ መጨረሻ ሊቀ ሰዓት በአደባባይ ቆሞ፣ የመሻገሪያው ጠባቂ በአንድ ቀን ሃያ አንድ ጊዜ ማመስገኗን ለሕዝብ አነበበ፤ ቢጫ ጥብጣብም በአንገቷ ላይ አሰረላት። አጠገቧ ነበርኩ። ፊቷን ላለማየት ጫማዬን አየሁ።

ጥብጣቡ በታሰረላት ማግስት፣ ባቡሩ እስከ ማታ በሚያርፍበት በቀትር ሰዓት፣ ጫኔ ወደ ጠባቂዋ ጎጆ መጣ። ጫኔ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ከሲታ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ከደጃፉ ላይ ድንጋይ ስቦ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ።

«እለፊ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ፍሬኑ እንደማይዝ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የምነዳው።»

«እኔም ደወሉ ኋላ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የምሰማው።»

ጥፋቱን ለሌላው የሚያሳልፍ ጠፋ። ከዚያ ጫኔ ቀስ ብሎ «ከጋራው ጫፍ ቁልቁል ስጀምር ሐዲዱ እዚህ ድረስ ይንጫጫል፤ ብረት ነዋ። ጆሮሽን ብታስጠጊበት ከደወሉ በፊት ትሰሚኛለሽ» አላት።

በነጋታው ጠዋት ደብሪቱ ነጠላዋን አጣጥፋ ከጉልበቷ ሥር አደረገች፤ ተንበርክካም ጆሮዋን በብረቱ ላይ ጣለች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። መጀመሪያ የራሷን ልብ ምት ብቻ ሰማች። ቆይቶ ከሩቅ እንደ ንብ ቀፎ ያለ ድምፅ መጣ፤ እያደገም ሄደ። ተነሥታ አግዳሚውን አወረደች።

«ደብሪቱ፣ ምን ነካሽ? ደወል የት አለና ነው?» አላት አህያ የሚነዳ አንድ ገበያተኛ።

«ቁም ብያለሁ ቁም!»

ቆመ። ባቡሩ ከደኑ ወጥቶ በፊቱ አለፈ። ሰውየው ከአህያው አንገት ላይ እጁን ሳያነሣ ብዙ ጊዜ ቆየ።

አምስት ወር በዚህ ዓይነት አለፈ። በመሻገሪያው ላይ አንድም ሰው አልሞተም። ሰው ሁሉ አወቀ፤ ግን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። በስድስተኛው ወር ተቆጣጣሪ መጣና ደወል ሳይደወል የወረደ አግዳሚ አየ። ደብሪቱ «ሰዓትን በመቅደም» ተከሰሰች።

ሸንጎው የተቀመጠው በጣቢያው አደባባይ ነበር፤ ዳኛውም ሊቀ ሰዓት ራሱ ነው። የመጀመሪያው ሊቀ ሰዓት የልጅ ልጅ ነው፤ በአንገቱ ላይ ከብር የተሠራ የአሸዋ ሰዓት ያንጠለጥላል፤ አሸዋው እንዳይፈስ ግን አግድም አስሮታል።

«አግዳሚውን ስታወርጂ ስንት ሰዓት ነበር?» አላት።

«ባቡሩ እየመጣ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ባቡሩን አልጠየቅኩሽም። ሰዓቱን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ሰዓቱን አላውቅም፤ ደወሉ አልተደወለም። ባቡሩን ግን ሰምቼዋለሁ።»

«ደወሉ ካልተደወለ ሁለት ሰዓት አልሆነም። ሁለት ሰዓት ካልሆነ ባቡር የለም። ስለዚህ የሌለ ባቡር ሰምተሽ ሕዝብ አቁመሻል።»

«ባቆማቸው ነው ያልሞቱት። በአምስት ወር አንድ ሰው አልሞተም።»

ሊቀ ሰዓት ፊቱ ተለዋወጠ። «ይኼኛው ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው። በእኛ መዝገብ በባቡር የሞተ ሰው የለም። አሁን አልሞተም ስትዪ ድሮ ይሞት ነበር ማለትሽ አይደለም ወይ?»

ሊቀ ሰዓት ወደ ጫኔ ዞረ።

«ነጂው ምስክር ነህ። አርባ ዓመት ነድተሃል። አንድ ቀን ዘግይተህ ታውቃለህ?»

ጫኔ አፉን ከፈተ። አንዲት ቃል ግን አልወጣችም። ጸሐፊው ጥቂት ጠበቀና «ምስክሩ አመስግኗል» ብሎ ጻፈ። ደብሪቱ ጫኔን አየችው፤ የቁጣ አስተያየት አልነበረም፤ ለዚህ ይመስለኛል አንገቱን የደፋው።

ደብሪቱ ተፈርዶባት ከጠባቂነቷ ተሻረች። በእሷ ምትክ ደወልን ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የማያውቅ የሊቀ ሰዓት ዘመድ ተተካ።

በማግስቱ ጠዋት ባቡሩ እንደ ወትሮው ሠራተኛውን ጭኖ ከግርጌ ተነሣ። ከጋራው ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ጫኔ ከፊት ወረደና በየፉርጎው ደጃፍ እየቆመ ሲናገር ሰማነው።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ትናንት ሸንጎው ፊት አፌን ያዘኝ። ዛሬ ልናገር። ይህ ባቡር ሲፈጥን የሚይዘው ፍሬን የለውም። መሻገሪያው ላይም ሰሚ ጠባቂ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቁልቁለት በሰው እርምጃ ነው የምወርደው፤ መሻገሪያው ሳልደርስም እቆማለሁ። ወርዶ መንገዱን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እንዘገያለና!» አለ አንዱ አናጢ ከውስጥ።

ጫኔ ትንሽ አሰበና «አርባ ዓመት ሙሉ ዘግይተህ አታውቅም ብለውኛል። እስቲ ዛሬ እችል እንደሆነ ልሞክር» አለ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ፉርጎው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ነገሩ ገባን። ባቡሩ መዘግየት አይችልም ነበር። ሕግ ነው። እኛ እስክንደርስ ሁለት ሰዓት አይሆንም፤ ሁለት ሰዓት ካልሆነ ማንም ከሥራ ቀረህ አይለንም። አርባ ዓመት ሲጫነን የኖረውን ሕግ ያን ጠዋት ተደግፈን ቆምንበት።

በእርምጃ ወረድን። ከመሻገሪያው በፊት ባቡሩ ቆመ፤ ሃያ የምንሆን ሰዎች ወርደን በመንገዱ ግራና ቀኝ እጅ ለእጅ ተያያዝን። ገበያተኛው ቆመ። ባቡሩ አለፈ፤ እኛም ሮጠን ተሳፈርን። አዲሱ ጠባቂ ደወሉን ሰምቶ አግዳሚውን ሲያወርድ ከኋላችን አየነው።

በሁለተኛው ቀን ደብሪቱ ወደ ጋራው ወጥታ ጠበቀችን። ጆሮን በሐዲዱ ላይ ማስጠጋት አስተማረችን። ብረቱን እየመታን ስናዳምጥ ታዲያ ሌላ ነገርም ሰማን፤ ብሎኑ የላላበት ቦታ ይንቀጫቀጫል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት የበሰበሰበት ቦታ ድምፁ ይታፈናል። ጊዜ አለን፤ ለምን እንተወዋለን? በሦስተኛው ቀን አናጢዎቹ መጋዝ ይዘው መጡ። እኔና ጓደኞቼ ከሐዲዱ ሥር ጠጠርና ድንጋይ እየሞላን አስተካከልን። ሁለት ብረት ቀጥቃጮች የተበላውን የፍሬን ብረት ፈትተው አዲስ ይሠሩ ጀመር። ሴቶቹ ከመታጠፊያው ላይ እይታ የሚከለክለውን ባሕር ዛፍ መለመሉ። በየቀኑ ከትናንቱ ጥቂት ጨምረን እንሠራና እንቀጥላለን። ስንደርስ ሁለት ሰዓት ይደወላል።

ራስጌ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ምሳ የሚቀርበው የስድስት ሰዓት ደወል ሲደወል ነው፤ ከደወል በፊት መብላት ክልክል ነው። ሁለት ሰዓት በዘገየ ቁጥር ስድስት ሰዓትም አብሮ ዘገየ። በአራተኛው ቀን ምሳ የቀረበው ጥላ ከረዘመ በኋላ ነው። በአሥረኛው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የቀትር ደወል ተደወለ። ወጣቱ ንጉሥ ሊቀ ሰዓትን አስጠርተው ጠየቁት።

«ስድስት ሰዓት ሳይሆን ለምን ይመሻል?»

«ንጉሥ ሆይ» አለ ሊቀ ሰዓት፣ «ፀሐይ ዘንድሮ ቸኩላለች። የምትገሠጽበትን አዋጅ እያረቀቅን ነው። በሦስት ምስጋና ይጀምራል።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ንጉሡ ረሀቡን ስላልቻሉት በእግራቸው ወጡ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ጣቢያው ሲደርሱ ደዋዮቹን የደወሉን ገመድ ይዘው እንደቆሙ አገኟቸው።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ሁለት ሰዓትን ነው፣ ንጉሥ ሆይ።»

«የት ደረሰ?»

«ገና አልመጣም።»

ንጉሡ ሐዲዱን ተከትለው ሄዱ። መታጠፊያውን አልፈው ቁልቁለቱ ላይ ሁለት መቶ የምንሆን ሰዎች እጃችን በጭቃ ተለውሶ አገኙን። ባቡሩ ከበላያችን ቆሟል። ሁላችንም ደንግጠን ቀጥ አልን። ደብሪቱ ግን ጆሮዋን በብረቱ ላይ ጥላ ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየቻቸውም።

«ምን እየተሠራ ነው?» አሉ ንጉሡ።

ደብሪቱ ሳትዞር እጇን አወዛወዘች። «ዝም በሉ እስቲ!»

ንጉሡ ዝም አሉ። እሷ አዳምጣ ስትጨርስ ተነሣች፤ ማን እንደሆኑ ስታይም ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም።

«ሁለት ሰዓት የት ነው ያለው?» አሏት።

«ባቡሩ ዘግይቷል፣ ንጉሥ ሆይ።»

ያ ቃል በዚያ አገር ንጉሥ ፊት ሲነገር የመጀመሪያው ነው። መሬት የሚከፈት የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። አልተከፈተም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአያትዎ ዘመን ጀምሮ።»

በዚህ መካከል ሊቀ ሰዓት እያለከለከ ደረሰ፤ የብሩን የአሸዋ ሰዓት በአንድ እጁ ይዞታል። «ንጉሥ ሆይ፣ መዝገቡ አለ፤ መዝገቡ ሁሉ ምስጋና ነው!»

«የሞተ ሰው አለ?» አሉት ንጉሡ።

«የሞተ የለም። ሰዓታቸው ሳይደርስ የተሻገሩ ጥቂት አሉ።»

«ከእነሱ አንዷን እኔ ነኝ እለፊ ያልኳት» አለች ደብሪቱ። «ላቀች ትባላለች። ደወሉ አልተደወለም፣ እለፊ አልኳት። ባቡሩ ዘግይቶ ነበር፤ እንደዘገየ ብናውቅ ኖሮ እንጠብቀው ነበር። ሰዓቱን አመንን፣ እንዳልመጣ ቆጠርነው፤ እሱ ግን እየመጣ ነበር።»

ንጉሡ ሐዲዱ ላይ ተቀመጡ። ሆዳቸው ሲጮህ ሁላችንም ሰማን፤ ማንም አልሳቀም። ከወገቤ ያሰርኩትን ቋጠሮ ፈትቼ ዳቦ ቆሎ ዘረጋሁላቸው። ዘርግቼ ሳበቃ ያደረግሁት ነገር ታወቀኝ፤ እጄን ግን አልመለስኩም። ንጉሡ ቋጠሮውን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ ከዚያ አንድ ጭብጥ ዘግነው በሉ። ደወል ሳይደወል በሉ። ሊቀ ሰዓት ፊቱን አዞረ።

«ምን ላድርግልሽ?» አሉ ንጉሡ እየበሉ።

«ለእኔ ምንም። ደወሉን ይልቀቁት። በፀሐይ ይደወል።»

«ደወሉን ከለቀቅኩት ባቡሩ ዘገየ ይባላል።»

«ዘግይቷል እኮ፣ ንጉሥ ሆይ።»

«የአያቴ አዋጅ ነው።»

«አያትዎ ባቡሩ እንዳይዘገይ አዘዙ። ደወሉ ይዋሽ አላሉም።»

ንጉሡ በእጃቸው የቀረውን ቆሎ ጨረሱ። ኋላ ተነሥተው በባቡሩ ተሳፈሩ፤ ከእኛ ጋር ተጋፍተው ቆመው እስከ ጣቢያው ሄዱ። በመሻገሪያው ላይ ሰዎች ወርደው እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን ሲይዙ በመስኮት አዩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አጭር ላድርገው። ደወሉ በፀሐይ መደወል ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ተደውሎ ሐዲዱ ባዶ ሆኖ ሲታይ ራስጌ ውስጥ ያለቀሱ አሉ፤ መንግሥት የፈረሰ መስሏቸው። ባቡሩ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲገባ ሁሉም መዘግየቱን አየ፤ ስላየም ለምን ብሎ ጠየቀ፤ ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ፍሬኑና ሞተሩ ታደሱ። ፊሽካ ተፈቀደ፤ በበዓል ቀን ግን አሁንም አይነፋም። የአቤቱታው ወረቀት አንድ መስመር ተጨመረለት፤ ሁለት እንዲሆን የጠየቁ ነበሩ፣ ገና እየተመከረበት ነው። ሊቀ ሰዓት አልተሻረም። መዘግየትን በመጀመሪያ ያገኘው እሱ መሆኑን የሚተርክ መጽሐፍ ጽፎ ለንጉሡ አበረከተ። የዓለም ነገር እንዲህ ነው፤ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ።

ደብሪቱ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከመመለሷ በፊት መዝገብ ቤት ገብታ የላቀች ስም የተጻፈበት መስመር እንዲታረም ጠየቀች። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። «ባቡሩ ዘግይቶ ሳለ፣ አግዳሚው ሳይወርድ፣ እለፊ ተብላ የተሻገረች» ብላ አስጻፈችው።

«እለፊ ያላትንም ሰው ስም ልጻፍ እንዴ?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጻፍ። ደብሪቱ በል።»

ጫኔ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣ። አንድ ቀን በመሻገሪያው አጠገብ ሲያልፍ «ሸንጎው ፊት ዝም ያልኩብሽን መቼም አልረሳውም» አላት። «ጋራው ላይ ተናግረሃል፤ ይበቃል» አለችው። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሡትም።

ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ግን የአንድ ተራ ጠዋት ነገር ነው። ግርጌ ጣቢያ ቆመን ባቡር ስንጠብቅ አንድ የጣቢያ ሠራተኛ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ ባቡሩ አንድ ሰዓት ይዘገያል። ጋራው ላይ ድንጋይ ወርዶ እየተነሣ ነው» አለ። እርስ በርሳችን ተያየን። በሕይወታችን እንዲህ ያለ ነገር ነግሮን የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ አንዳንዱ ጫማውን አወለቀ። ከአጠገቤ የቆመች፣ ራስጌ ልብስ በማጠብ የምትተዳደር አንዲት አራስ፣ ጨቅላዋን ለእህቷ ትታ የመጣች፣ ሰውየውን «እውነት አንድ ሰዓት?» ብላ ጠየቀችው። «አንድ ሰዓት» አላት። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ልጇን አጥብታ፣ አስተኝታ፣ ቀስ ብላ እየተራመደች ተመለሰች። ባቡሩ ገና አልመጣም ነበር።